ግንባር ያነሰው ሰው

የሰው መልክ መሳል ያን ያህል አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ባለመልኩን ማሳመን ነው። እንደ እኔ ኮምቦልቻ ላይ ስልክና ፔን ይዞ ዲጂታል ፖርትሬት የሚለማመድ ሰው ይህን ለማወቅ አንድ ደንበኛ ይበቃዋል። ደንበኛው ስልኩን ይቀበላል፣ ያርቀዋል፣ ያቀርበዋል፤ ከዚያ «ቆንጆ ነው፤ ግን እኔን አስመስለው» ይላል። ሲያስመስሉለት ደግሞ «እንዲህ ነኝ እንዴ?» ብሎ ያኮርፋል።

አገሩም የራሱ ጣጣ አለው። ደሴ ከእኛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፤ ከፍታዋ ግን በ600 ሜትር ያህል ይበልጣል። ከዚያ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ በሚላክልኝ ፎቶ ላይ ሰዉ ሹራብና ጋቢ ደራርቦ ስለሚነሣ አንገቱ በግምት ይሳላል። የኮምቦልቻ ሰው ሲሆን ደግሞ ግንባሩ ላይ የብርሃን ነጸብራቅ ለመጨመር መድከም የለም፤ ላቡ ጨርሶታል። ስልኬም ደገኛ ነውና ቀትር ላይ ሌየር (የሥዕሉ ንብርብር) ሲበዛበት ይግልና ይዘጋል።

ከሁሉ የሚያስቀው የፎቶው ነገር ነው። አንዱ ለሠርግ ስጦታ ግድግዳ የሚሞላ ሥዕል ያዝዝና የቴሌግራም ፕሮፋይሉን ቆርጦ ይልካል። 640 በ640 ነጥብ ያለው ምስል በኢንች 300 ነጥብ ሆኖ ቢታተም ስፋቱ አምስት ሴንቲ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ኤ3 ወረቀትን በዚያው ጥራት ለመሙላት 3508 በ4961 ነጥብ ያስፈልጋል። ይህን ሳስረዳው «አንተ አጉላው እንጂ!» ይለኛል። ማጉላቱስ ቀላል ነበር፤ ሲጎላ ቅንድቡ የጡብ ግንብ ይመስላል እንጂ።

አንዳንዱ ትእዛዝ ግን አያስቅም። ልጁ ይመረቃል፤ አባቱ ምርቃቱን ሳያዩ አልፈዋል፤ የቀራቸው ፎቶ የመታወቂያው ብቻ ነው። «አባቴን ጎኔ አቁምልኝ» ይላል። ልጁ ጋውን ለብሶ ሲነሣ ፀሐይ ከቀኝ በኩል መትታዋለች፤ አባት ደግሞ ፎቶ ቤት ተቀምጠው ፍላሹ ፊት ለፊት በርቶባቸዋል። እንዳሉ ቢያስቀምጧቸው አባትና ልጅ በሁለት ፀሐይ ይኖራሉ። ስለዚህ ከአባትየው ምስል በላይ አዲስ ሌየር ይከፈትና ከሥሩ ያለውን በሚያጠቁረው «መልቲፕላይ» ላይ ይደረጋል፤ በለስላሳ ብራሽ ሞቅ ያለ ቡናማ ጥላ ከአፍንጫቸው በስተግራ፣ በግራ ጉንጫቸውና ከአገጫቸው ሥር ይገባል። በቀኙ ጉንጭ ላይ ቀጭን ቢጫ ብርሃን ሲጨመር ሁለቱ አንድ ግቢ ውስጥ የቆሙ ይመስላሉ። ይህን ሁሉ የሠራ ሰው ሒሳቡን ሲጠይቅ «ኮምፒዩተሩ አይደል የሠራው?» ይባላል።

ኮምፒዩተሩ ከሆነማ አንዲ ዋርሆልም ሠዓሊ አልነበረም ማለት ነው። እሱ እ.ኤ.አ. በ1985 ኒው ዮርክ ላይ ዘፋኟን ዴቢ ሃሪን ሕዝብ እያየ በአሚጋ ኮምፒዩተር ስሏታል። እንግሊዛዊው ዴቪድ ሆክኒም 70 ዓመት ካለፈው በኋላ በአይፎኑ ላይ በጣቱ አበባ ይስል ነበር። አሁን ደግሞ «ኤአይ ነው የሠራልህ» የሚል ፈሊጥ መጥቷል። ኤአይ ብሆን ኖሮ ለቀሪ ሒሳብ ሳምንት ሙሉ ስደውል አልከርምም ነበር።

የጥንቶቹ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ከእኛ ተሽለው ነበር። በእነሱ ደንብ ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሳላል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ባለመልኩም መጥቶ ቅር አይሰኝም። ዛሬ ግን ስንቱ ሰልፊውን በጎን አንሥቶ ይልክልኛል። በጥንቱ ደንብ ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ አልነግረውም፤ ቀብድ ከፍሏል።

ይህን ሁሉ የሚያስረሳኝ የቡናችን ጉባኤ ነው። ሥዕል የምንለማመድ ልጆች እሑድ እሑድ ቡና እናፈላና ስልኮቻችንን ከረከቦቱ ጎን እንደረድራለን። አንዱ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነው። አንዷ ቀን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፣ ማታ ፊት ትስላለች። ከደሴ የሚወርዱ ጋሼም አሉ፤ ዕድሜያቸውን የሱቅ ማስታወቂያ በቀለም ሲጽፉ የኖሩ ናቸው፤ ዲጂታሉን ያስጀመረቻቸው የልጅ ልጃቸው ናት።

አቦል ላይ ምስጋና ብቻ ነው። «ማሻአላህ!» «እጅህ ይባረክ!» «እሳት ነው!» በአቦል ሰዓት ሁላችንም ዳ ቪንቺ ነን። ቶናው ሲቀዳ ግን ጋሼ መነጽራቸውን ያደርጋሉ። ባለፈው ተማሪው አጎቱን የሳለበትን ሥዕል አንሥተው ቆይተው አዩት።

«አብሽር ልጄ፣ ቀለሙ ደርሷል። ዓይኑን ግን ዝቅ አድርገው።»

«ኧረ ጋሼ፣ ዓይኑማ ልክ ነው።»

«ልክ ከሆነ ግንባሩን ማን ወሰደው? ይህ ሰው ሐሳቡን የት ያስቀምጣል?»

ከጉዝጓዙ አንድ ቄጤማ መዘዙና ስክሪኑ ላይ ከአናት እስከ አገጭ ለኩት፤ ከዚያ እኩል ለሁለት አጠፉት። ዓይን መዋል ያለበት እጥፋቱ ላይ ነው፤ የልጁ ሥዕል ዓይን ግን ሽቅብ ሸሽቶ ፀጉር ሊገባ ደርሷል። ጆሮውንም በዚያው ቄጤማ አሳዩት፦ ላዩ ከቅንድብ ትይዩ፣ ታቹ ከአፍንጫ ጫፍ ትይዩ። ልጁ ዓይኖቹን መርጦ ወደ ታች ሲጎትታቸው ሥዕሉ ድንገት አጎቱን መሰለ። በረካ ላይ ልብስ ሰፊዋ ለፀጉር የምትጠቀምበትን ብራሽ ላከችለት።

እኔ ማበረታታት የምለው ይህን ነው። «ዋው» የተባለለት ዓይን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። «ይህም ሥዕል ሆኖ!» የሚለው ደግሞ ሠዓሊውን ራሱን ከቦታው ያስነሣዋል። ሠዓሊን ሠዓሊ የሚያደርገው ስህተቱን ለክቶ እያሳየ አብሮት የሚቀመጥ ሰው ነው። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው ሲመለሱ የራሳቸውን ሸራ ብቻ ይዘው አልተቀመጡም፤ በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በፍየል ቆዳ ላይ በመሳል የታወቁት ለማ ጉያም ቢሾፍቱ ባቆሙት ሙዚየማቸው ወጣቶችን ያስተምሩ ነበር። እነሱ ምቀኝነት ሳይዛቸው ትምህርት ቤት ከከፈቱ፣ እኛ አንዲት ብራሽ መሰሰት አያምርብንም።

እናንተም አንባቢዎች የጎረቤታችሁ ልጅ ሥዕል ሲያሳያችሁ የወደዳችሁትን አንድ ነገር፣ ያልጣማችሁንም አንድ ነገር ለይታችሁ ንገሩት። ስታሠሩም ዋጋ ቆርጣችሁ ክፈሉት፤ «ሼር አደርግልሃለሁ» ቡና አይገዛም። ፎቶውን በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እባካችሁ በፋይል መልክ ላኩ፤ እንዲሁ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል፣ ቅንድባችሁም እዚያው ይቀራል።