ሁዳዴን ያልገደፈ ጊታር

እህቴ ልጇ ሌሊት ሌሊት ምን እንደሚሠራ እንዳጣራላት ወደ ምድር ቤቷ ስትልከኝ፣ የተሰጠኝ ኃላፊነት ምክር ነበር። «አጎቱ ነህ፤ አንተን ይሰማል» አለችኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤቷ ሳሎን ቁጭ ብሎ ለሚያዳምጥ ከታች ዘፈን አይሰማም፤ እኩለ ሌሊት ላይ ጎመን የሚከትፍ ሰው ያለ ይመስል ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ብቻ። ወረድኩ። ጎረምሳው ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ የፕላስቲክ ጊታር አንግቶ፣ የእናቱን የፀጉር ላስቲክ በጊታሩ አንገት ላይ ጠምጥሞ ቆሟል። ምክሬን ሳልጀምር ሁለተኛውን ጊታር አጠለቀልኝ።

ጨዋታው ጊታር ሂሮ ሦስት ይባላል፤ በ2007 መገባደጃ የወጣ ነው (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። ጊታሩ ክር የለውም። አንገቱ ላይ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ ቁልፎች አሉት፤ ሆዱ ላይ በክር ፋንታ ወደላይና ወደታች የሚመታ ማንሻ። በቴሌቪዥኑ መስኮት ባለቀለም ክቦች ተንደርድረው ይመጣሉ፤ መስመሩ ላይ ሲደርሱ የቀለማቸውን ቁልፍ ይዞ መምታት ነው። እኔ ደግሞ በቀበሌ ኪነት ክራር ስመታ ያደግሁ ሰው ነኝ። አምስት ክር የለመደ እጅ አምስት ቁልፍ ምን ያቅተዋል? በመካከለኛው ደረጃ ጀመርኩ፤ ዘፈኑ ሳይጋመስ በጨዋታው ውስጥ ያለው ሕዝብ ጮኸብኝና ከመድረክ ወረድኩ። የቀበሌ አዳራሽ እንኳ እንዲህ አላደረገኝም።

«ጋሼ፣ አትስማ፤ አንብብ» አለኝ።

ነገሩ እውነት ነው። እኔ ዘፈኑን በጆሮዬ እየተከተልኩ፣ ደስ ባለኝ ቦታ ትንሽ ዘግየት፣ ትንሽ ቀደም እላለሁ። ክራር ላይ ይህ ለዛ ይባላል። ማሽኑ ግን የሚታገሰው ከሰከንድ አንድ አስረኛ ላነሰ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ስተሃል ነው ፍርዱ።

ምክሩን ረስቼ የነጥቡን አሠራር መጠየቅ ጀመርኩ። አንዱ ኖታ 50 ነጥብ ያወጣል። 10 ኖታ ሳይሳት በተከታታይ ከተመታ ነጥቡ እጥፍ ይሆናል፣ 20 ሲደርስ ሦስት እጥፍ፣ 30 ላይ አራት። አንዲት ስህተት ሁሉንም አፍርሳ ወደ አንድ ትመልሳለች። ከዚህ ሌላ ስታር ፓወር የሚሉት አለ፤ በጥቂት በጥቂቱ ይጠራቀምና የጊታሩን አንገት ወደ ሰማይ ቀና ሲያደርጉት አራቱን እጥፍ ስምንት ያደርገዋል። ዋናው ብልሃት ይህን ሀብት የት ማፍሰስ እንደሚሻል ማወቅ ነው፤ ኖታ የሚበዛበትን ቦታ አስቀድሞ ቆጥሮ። ልጁ ለዚህ ደብተር ነበረው። እናቱ «ምንድነው የምትጽፈው?» ስትለው «ሒሳብ ነው» ይላታል፤ አልዋሸም። እኔም ያን ጊዜ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እነዳ ነበር፤ ሜትር ገና ስላልገባ ዋጋውን የምናሰላው በዞን ነበር። እንደዚያ ልጅ ደብተር ጠንቅቆ ዞኑን ያጠና ሾፌር አላየሁም።

ያ ሁሉ ድካም ድራገንፎርስ ለተባለ የእንግሊዝ ባንድ ዘፈን ነበር፤ ስሙ ስሩ ዘ ፋየር ኤንድ ፍሌምስ፣ ርዝመቱ ከ7 ደቂቃ በላይ። በመጨረሻው ደረጃ ብዙ ሰው የሚወድቀው መግቢያው ላይ ነው። ላስቲኩም የተጠመጠመው ለዚሁ ነው፦ አረንጓዴውን ቁልፍ እሱ ተጭኖ ሲይዝለት ልጁ ሌሎቹን በሁለት እጁ እየነካካ መግቢያውን ያልፋል። በ2008 ፌብሩዋሪ ሚኔሶታ ውስጥ ሮቸስተር በምትባል ከተማ የ16 ዓመት ልጅ በዚህ ዘፈን 840,647 ነጥብ አግኝቶ ጊነስ መዘገበው። በዓመቱ ሌላ ተጫዋች 973,954 አደረሰው። የእኛው ጎረምሳ ሪከርዱን ባያልመውም፣ ቨርጂኒያ ያለ ጓደኛውን መብለጥ ግን ሞቱም ሽረቱም ነበር።

እንግዲህ ጣጣው የመጣው ከመንግሥት ነው። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሥርጭት በ2009 ወደ ዲጂታል ይዞራል የሚል ማስታወቂያ ሌት ተቀን ይለቀቅ ነበር። አሮጌውን ሳጥን ለማስቀጠል መቀየሪያ መግዣ የ40 ዶላር ኩፖን ይሰጣል ቢባልም እህቴ አላመነችም። በቅበላ ሰሞን ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ገዝታ አሮጌውን ለጓደኛዋ እናት ላከችላቸው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ለቅሶ ሆነ። ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ምስሉን ከማሳየቱ በፊት አሰናድቶ ስለሚያወጣ ለጥቂት ቅጽበት ይዘገያል፤ ፊልም ለሚያይ ምንም አይደለም፣ ለዚህ ጨዋታ ግን ሞት ነው። ጨዋታው መዘግየቱን የሚያስተካክሉበት ቦታ አለው፤ ልጁ ሞከረው፣ እምቢ አለ።

በታክሲዬ ወሰድኩት፤ ቴሌቪዥኑን አስመልሰን ልንጭን። አሮጌው ቴሌቪዥን የተላከላቸው እማማ የልጅ ልጅ ሊጠብቁ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው። ቴሌቪዥኑ ላይ ዳንቴል አልብሰው፣ በዳንቴሉ ላይ የእመቤታችንን ሥዕል አቁመውበታል። ከ40 ኪሎ በላይ የሆነውን ሳጥን መሸከም ቀርቶ ሥዕሉን ማን ያነሣል? ጉዳያችንን ስነግራቸው «ታዲያ እዚሁ ይጫወት፤ ቤቱ ቤቱ ነው» አሉና ቡና ማጠብ ጀመሩ። ልጁ ፕሌይስቴሽኑን ከመኪናው ሄዶ አመጣ፤ ማዳመጫው ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ቀርቷል። ቴሌቪዥኑ ሲበራ ጊታሩ ጮኸ።

«ቆይ! ሁዳዴ አይደለም እንዴ የገባው?»

ዘፈን የለም። ብዙ ተከራከርን፤ እኔ እያስተረጎምኩ። በመጨረሻ ድምፁ ዜሮ ላይ ወርዶ እንዲጫወት ተፈቀደ። ልጁ ፊቱ ዳመነ፤ ያለ ድምፅ ሞክሮት አያውቅም። ጀመረ።

ዘፈን በሌለበት ያን ጊታር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። የማንሻው ቀጭታ አንድ ፍንጣሪ ሳይዛነፍ ይወርዳል፤ ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ቁልፎቹ ብቻ በሚነኩበት ቦታ ጭጭ ይላል፣ ተመልሶ በልኩ ይገባል። ኪነታችን ውስጥ ከበሮ መቺ የነበረው ሰው እንዲህ ያለ እጅ ኖሮት ቢሆን ክፍለ ሀገር ድረስ በሄድን ነበር። ጭንቅላቴን መነቅነቅ ስጀምር እማማ «አንተም?» ብለው ገሠጹኝ።

ጨረሰው። ቀድሞ ከነበረው ነጥብ በብዙ በልጦ ነው የጨረሰው፤ ከደስታ ጩኸቱ የተነሣ የጎረቤት ውሻ አብሮ ጮኸ። ጓደኛው የሚያምነው በማስረጃ ነውና በእናቱ ካሜራ ፎቶ አነሣ። አሮጌው መስተዋት ቆልማማ ስለሆነ ፍላሹን መልሶ ረጨው፦ ዳንቴሉ ይታያል፣ ሥዕሉ ይታያል፣ የነጥቡ ቦታ ነጭ ብርሃን ነው። ደግሞ ሊያነሣ ሲል ያልተረጋጋ ጣቱ የማይነካውን ቁልፍ ነክቶ ገጹ አለፈ።

ጓደኛው በስልክ ሳቀበት። «ያለ ድምፅ? ውሸታም!» እማማ ስልኩን ተቀበሉ። «እኔ ምስክር ነኝ በለው» አሉኝ፤ አስተረጎምኩ። ስንት ነጥብ አገኘ ሲል «ብዙ ነው» አሉ። ድምፁ ለምን ጠፋ ሲል «በጾም ምን ድምፅ አስፈለገው? ካላመነ ቅዳሜ ይምጣ፣ ቡና አለ» አሉ። ይህንንም አስተረጎምኩ።

ቅዳሜ መጣ፤ የራሱን ጊታር ይዞ፣ እናቱም ማን ቤት እንደሚሄድ ልታይ አብራው። ሁለቱ ልጆች ማን ይቅደም በሚለው ተጣሉ። እማማ ታላቅ ይቀድማል ብለው ፈረዱ፤ ዕድሜያቸውን ሲጠይቁ ሁለቱም ጨምረው ተናገሩ።