ትርፍ አንጀት በሰንጠረዡ የለም

ጂም የተመዘገበ ሰው ሁሉ ዘንድሮ ፕሮግራም አለው። ተራ ፕሮግራም እንዳይመስላችሁ፤ ዓመቱ ማክሮሳይክል፣ ወራቱ ሜዞሳይክል፣ ሳምንቱ ማይክሮሳይክል ተብሎ ተሸንሽኖ፣ በአረንጓዴና በቀይ አሸብርቆ ስልክ ውስጥ የተቀመጠ ነው። «ይህ ሳምንት የማራገፊያ ነው» ካላችሁ፣ ጭነቱ መቼ እንደተጫነ አትጠይቁት።

የዚህ ሁሉ አባት ተደርጎ የሚጠራው ሶቪየታዊው ሌቭ ማትቬዬቭ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የአትሌቱን ዓመት የዝግጅት፣ የውድድርና የሽግግር ብሎ ከፈለው። ፋብሪካውን በአምስት ዓመት ዕቅድ የሚመራ አገር ጡንቻውን ሳያቅድ ቢቀር ነበር የሚገርመው። ለንድፈ ሐሳቡ ማገር ተደርጎ የሚጠቀሰው ደግሞ ተመራማሪው ሃንስ ሴሊ በ1936 እ.ኤ.አ. ስለ ሰውነት ውጥረት ያሳተመው ጽሑፍ ነው። ሴሊ በብርድ፣ በመድኃኒትና በቀዶ ጥገና ያስጨነቀው አይጦችን ነበር። ከአይጥ ተነስቶ ስኳት ድረስ ያለውን መንገድ ማን እንደጠረገው ብዙም አይነሳም።

ጠቢባኑ ግን ሥራ አልፈቱም። አንዱ ጫናው ቀስ በቀስ ይውጣ ይላል፣ አንዱ እንደ ማዕበል ይነሳና ይውደቅ ይላል፣ ቭላዲሚር ኢሱሪን ደግሞ በአንድ ጊዜ በጥቂት ችሎታ ላይ እያተኮሩ በብሎክ በብሎክ ይሁን ይላል። ሶቪየታዊው ቬርኮሻንስኪ የአገሩን ልጅ የማትቬዬቭን ሐሳብ ክፉኛ ተችቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. ጆን ካይሊ የሚባል ተመራማሪ ተነሳና «ይህ ማስረጃ ነው ወይስ ልማድ?» የሚል ነገር ጠየቀ። ነገሩ እውነት አለው። አብዛኞቹ ጥናቶች የሚያወዳድሩት የሚለዋወጥ ልምምድን ከማይለዋወጥ ጋር ነው። የሚለዋወጠው ሲያሸንፍ «ዕቅድ አሸነፈ!» ተብሎ ይጨበጨባል። መለዋወጥና አስቀድሞ ማቀድ መቼ አንድ ሆኑ? ደግሞ ስለ ዓመታት የሚያወራውን ንድፈ ሐሳብ የሚፈትኑት በጥቂት ሳምንታት ነው።

ዕቅዱ ሲፋለስስ? አበበ ቢቂላ በ1964 እ.ኤ.አ. ከቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ትርፍ አንጀቱን ኦፕራሲዮን ተደረገ። ዕቅድ አልነበረውም ማለቴ አይደለም፤ ኦኒ ኒስካነንን የሚያህል አሰልጣኝ ነበረው። የትኛውም ሰንጠረዥ ግን ለትርፍ አንጀት ቀለም አልመደበም። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ የዓለምን ምርጥ ሰዓት ይዞ ገባ፤ ያንንም ጨርሶ ሣሩ ላይ ጂምናስቲክ ይሠራ ጀመር። የማዕበሉ ሰዎች ይህን ቢጠየቁ ማዕበል ነበር ይላሉ፤ የብሎኩ ሰዎችም ብሎክ መሆኑን በግራፍ ያሳያሉ፤ ቀዶ ሐኪሙን ግን የምክትል አሰልጣኝነት ማዕረግ የሚሰጠው አይገኝም።