አንድ እንስራ የቦይ ውኃ

ከጮቄ ተራራ ፈልቆ ወደ ዓባይ በሚወርደው በጨሞጋ ወንዝ ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም ሳይርቁ፣ አራዊት ሥራ ከፍተው ይኖሩ ነበር። አያ ጅቦ ቆዳ ያለፋል፣ እመት ጦጢት አረቄ ታወጣለች፣ ቀበሮ ክር ቀለም ይነክራል። የሦስቱም ፍሳሽ በአንድ ቦይ ወንዝ ይገባል።

ቦዩ ሳይቆፈር በፊት ላም በየማለዳው ጦጢት ደጅ እየመጣች አተላ ትጠጣ ነበር። ቦዩ ሲመጣ ግን ጦጢት ማጠራቀሙ ታከታትና ትደፋው ጀመር። እኔን ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ደጅ ላይ ቀለብ የነበረው አተላ ወንዝ ገብቶ ሲበሰብስ በውኃው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ አሣውም ታፍኖ ይሞታል።

ጅብ ደግሞ ፀጉር የሚያነሣበትን የሰልፋይድና የኖራ ውኃ ጠዋት፣ አሲድ ያለበትን የክሮም ውኃ ማታ ይለቅ ነበር። አንድ ቀን ቸኩሎ ሁለቱን ባንድነት ለቀቃቸው። የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ቦዩን ሞላው። ቦይ ጠራጊው ፍልፈል እንደ ወረደ ቀረ።

ዋርካ ሥር ሸንጎ ተቀመጠ።

«የኔ ጥቂት ነው፤ የጦጢት ይበዛል» አለ ጅብ።

«የኔ እህል ነው፤ መርዝ የለበትም» አለች ጦጢት።

«የኔ ቀለም ብቻ ነው። ደግሞስ ክረምት ሲገባ ጎርፍ ይወስደው የለ?» አለ ቀበሮ።

በሞጆና በኮምቦልቻ ወንዞች ዳር የሚኖር ሰው ይህን ክርክር ያውቀዋል።

የፍልፈል ሚስት ከቦዩ የቀዳችውን አንድ እንስራ ውኃ አንበሳ ፊት አኖረች። «ጌታዬ፣ ከዚህ ውስጥ አተላውን ለይተው ለላም ይስጡልኝ። ክሮሙንም ለአያ ጅቦ ይመልሱለት» አለች። ላም አሸተተችና ወደ ኋላ አለች። የሚለይ አልተገኘም።

አንበሳ አዋጅ ቁጥር 300/1995ን አስነበበ፤ የበከለ ያጸዳል፣ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይከፍላል። ከዚያም ፈረደ። «ጦጢት፣ አተላው ቦይ ሳይነካ ለላም ይድረስ። ቀበሮ፣ የቀለሙን ውኃ በራስህ ጉድጓድ አጣርተህ ልቀቅ። አያ ጅቦ፣ ሁለት ጉድጓድ ቆፍር፤ የሰልፋይዱ ለብቻ፣ የክሮሙ ለብቻ። ክሮሙን በኖራ አዝቅጠህ ዝቃጩን ራስህ ትይዛለህ። ለሙት ልጆችም ካሣ ትቆርጣለህ።»

«ሐምሌ ካለፈ በኋላ ብቆፍርስ?»

«እስክትቆፍር የቦይህ አፍ በድንጋይ ይዘጋል።»

ያኔውኑ ተዘጋ። በሦስተኛው ቀን፣ የተከማቸው ቆዳ ሊበሰብስበት ሲል፣ ጅብ ዶማ አነሣ።