የጠፉት ሁለት ንግሥቶች

ለመስቀል ወልቂጤ አጎቴ ቤት ነበርኩ። ክትፎው ተበልቶ ቡናው ሲፈላ፣ የአጎቴ ልጅ ቼዝ ዘረጋና ሦስቴ በተከታታይ አሸነፈኝ። የመጀመሪያዎቹን አሥር እርምጃዎች የሚጫወተው ሳያስብ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ አከፋፈት አያዋጣም፤ ስልኬ ላይ አጥንቼዋለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒዩተር የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን 3.5 ለ2.5 ከረታ ወዲህ የቼዝ መምህሩ ማሽን ሆኗል። እኔን የከነከነኝ መሸነፌ አይደለም፤ ልጁ አንዴም አለመደነቁ ነው።

በማግስቱ አክስታችንን ልንጠይቅ ወደ ቡታጅራ ስንጓዝ የጠጠሮቹ ፌስታል ተቀደደ። ከተሳፋሪው እግር ሥር እየለቀምን ደረስን። ስንቆጥር ነጯም ጥቁሯም ንግሥት የሉም።

በቦታቸው ሁለት የለስላሳ ቆርኪ አስቀመጥኩ። ያኔ የአባቶቻችን ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ትዝ አለኝ፤ ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር የተጫወቱት። በሰንጠረዥ ንግሥት የለችም፤ ከንጉሡ ጎን የሚቆመው ፈርዝ ነው፣ እሱም በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ ይራመዳል። ጨዋታው የሚጀምረው በወረራ ነው፦ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ።

«ተራ የለም?» አለ ልጁ።

«የለም!»

እጆቻችን ተጋጩ። ወታደር ሳስጠጋ አይቶ ያነሳውን ፈረስ ሌላ ቦታ አሳረፈ። ክርኔ ሲኒ መታና ቡናው ሰሌዳው ላይ ፈሰሰ፤ አክስታችን በጨርቅ እየጠረጉ ሳቁብን። ልጁ ስልኩን አወጣ፤ ወዲያው መልሶ ኪሱ ከተተው። ስለዚህ ጨዋታ ምን ብሎ ይጠይቀው?

የቼዝ ሻምፒዮን የነበረው ቦቢ ፊሸርም እ.ኤ.አ. በ1996 የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ የኋላ ረድፍ ጠጠሮች በዕጣ ከ960 አሰላለፎች በአንዱ ቆመው ሽምደዳ ዋጋ እንዲያጣ። የእኛ ሰዎች ግን ማሽን ሳይመጣ በፊት፣ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚፈጥረውን ጅማሬ ያውቁት ነበር። ንጉሥን በፈረስ ማት ማድረግ ያን ያህል አያስመሰግንም ነበር፤ በደካማ ጠጠር ማት ማድረግ ግን ያስከብር ነበር። ይህንን ለልጁ ነገርኩት።

አገጩን በመዳፉ ደግፎ ብዙ አሰበ። ቡናው ሦስተኛው ሲደርስ ቆርኪውን አንዲት ቤት ገፋት። ንጉሤ መሄጃ አጣ። «ጋሼ፣ በቆርኪ!» ብሎ ብድግ አለ።

የድሮው ሰንጠረዥ ገበታ ቀይ ጨርቅ ነበር። ለመጪው መስቀል ጨርቁን እኔ እገዛለሁ፤ መስመሩን እሱ ይሰፋል።