መጣሁ ብለው ወጡ

በዚያ ዓመት ኅዳር ገብቶም ክረምቱ አልወጣ ብሎ ነበር። ቦንጋ ለዝናብ አዲስ አይደለችም። ቡና በሚለቀምበት ወር የሚዘንበው ግን ሰው ያስጨንቃል። ማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና ያሰጣ ገበሬ ሰማዩ ሲጠቁር አይቶ «መጣብን» ይላል። ያው ገበሬ በበጋው ማለቂያ፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ችግኙ ሲጠወልግ፣ ያንኑ ደመና አይቶ «መጣልን» ይላል። ደመናው አንድ ነው፤ ግሡም አንድ ነው። አንዷ «ብ» ሆና ታስለቅሳለች፣ አንዷ «ል» ሆና ታስደስታለች። እነዚህን ሁለት ፊደሎች ያዙልኝ፤ እመለስባቸዋለሁ።

ያኔ ቦንጋ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ከጎጃም ተነሥቼ፣ ጅማን አልፌ፣ ጎጀብን ተሻግሬ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የካፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታልና የጫካ ቡናን በተወለደበት አገር ማየት የሚፈልግ እንግዳ አልፎ አልፎ ይመጣል። አስተርጓሚ ሲጠፋ የቋንቋ መምህር ይፈለጋል። «ሁለት ቡና ቆልተው የሚሸጡ እንግሊዛውያን መጥተዋል፤ ነገ ማኪራ ጫካ ይዘሃቸው ትወጣለህ» ስባል ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ከመጽሐፍ የተማርኩትን ቋንቋ ከባለቤቶቹ አፍ ልሰማ ነው።

መኪናዋን አንድ ዳገት ሥር ጭቃ ያዛትና የቀረውን በእግራችን ወጣነው። የማኪራን የጫካ ቡና ሰው አልተከለውም። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቀጥኖ፣ ወደ ብርሃን እየተንጠራራ ያድጋል። ፍሬውም እንደ ጓሮ ቡና አይንዠረገግም፤ እዚህ ሦስት፣ እዚያ አምስት ነው። አንዲት እናት ቅርንጫፉን በግራ እጃቸው ወደ ደረታቸው ሳብ አድርገው ቀዩን ብቻ እየመረጡ ለቀሙ። አረንጓዴው እንዳይረግፍም ቅርንጫፉን ቀስ ብለው መለሱት። እንግዶቹ ይህን ቆመው ሲያዩ ካሜራቸውን እንኳ አላወጡም።

ከሰዓት በኋላ አንድ አባት ቤት ተሰበሰብን። አማርኛ ብዙም አይሰሙም። የእንግዶቹ እንግሊዝኛ በእኔ በኩል አማርኛ ይሆናል፤ የእኔ አማርኛ በገበሬዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር በኩል ካፊኖኖ ይሆናል። «ኖኖ» በካፋ ቋንቋ አፍ ማለት ነው፤ እኛም አፍ መፍቻ እንል የለ። የእንግዳው ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አባባ ጆሮ እስኪደርስ በሁለት ሰው አፍ ማለፍ ነበረበት። ስለ እሸቱ፣ ስለ ጀንፈሉ፣ ስለ ማድረቂያው አልጋ ሲወራ ሁሉም ሰላም ነበር።

ሊመሽ ሲል ሊቀመንበሩ ዋጋ የጻፉበትን አንድ ወረቀት አቀረቡ። ትልቁ እንግዳ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፣ ከዚያም ወደ እኔ ዞረው «ዊል ጎ ኦቨር ዘ ፕራይስ ቱሞሮው» አሉ።

«ጎ» ሄደ ነው። «ኦቨር» በላይ ነው። «ፕራይስ» ዋጋ ነው። ጊዜ አልወሰደብኝም።

«ነገ ከዋጋው በላይ እንሄዳለን ብለዋል።»

ሊቀመንበሩ ለአፍታ አዩኝ። «በላይ?» አሉ። «በላይ» አልኩ። ወደ አባባ ዞረው ከእኔ አማርኛ በጣም የረዘመ ካፊኖኖ ተናገሩ። ቤቱ መጀመሪያ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ከጓዳ እልልታ ተሰማ። አባባ የእንግዳውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁም። የጫካ ማር ቀረበ። እንግዳው በአቀባበሉ ልባቸው ተነክቶ ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ያወሩት ስለዚያ ቤት ደግነት ነበር።

ማታ ቤቴ ገብቼ የሰኞን ትምህርት ማዘጋጀት ጀመርኩ። ፈተና ስለቀረበ ተማሪዎቼ ደብተራቸውን እንዲከልሱ የምነግርበትን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ስጽፍ ብዕሬ «ጎ ኦቨር» ላይ ቆመ። ጎ ኦቨር ዩር ኖትስ። ከልሱ፤ ከላይ እስከ ታች ደግማችሁ እዩት። ይህን ለተማሪዎች በየፈተናው ሰሞን እላለሁ። እንግዳው ያሉት ይህንኑ ነው፤ ወረቀታችሁን ነገ አብረን እናየዋለን ነው ያሉት። ዋጋ እንጨምራለን አላሉም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሊቀመንበሩ ዘንድ ደወልኩ፤ መስመሩ አልገባም። እዚያ ሰፈር ኔትወርክ የሚያዘው ጉብታው ላይ ሲወጣ ብቻ ነው።

እንቅልፍ አልመጣ ሲለኝ መዝገበ ቃላት ይዤ ተቀመጥኩ። ይህቺ «ጎ» የምትባል ግሥ ብቻዋን ስትሆን ሕፃን ልጅ ይረዳታል። ከኋላዋ አንዲት ትንሽ ቃል ስትከተላት ግን የት እንደምትደርስ አይታወቅም። «ጎ ኦፍ» ለመብራት ጠፋ ነው፣ ለደወል ጮኸ ነው፣ ለወተት ተበላሸ ነው፣ ለቦምብ ፈነዳ ነው። «ጎ ኦቨር» ደግሞ ባሰብኝ። ስለ በጀት ሲወራ በጀቱን ገመገምን ለማለትም፣ ከበጀቱ አለፍን ለማለትም ያገለግላል። ያው ሁለት ቃል! የሚለየው ማን፣ የት፣ ምን ይዞ እንደተናገረው ነው። የእኔ እንግዳ ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው እየከተቱ ነበር የተናገሩት። ጆሮዬ ቃሉን ሲሰማ ዓይኔ ያንን እጅ ማየት ነበረበት።

እንግሊዞቹም ይህን ጉዳይ ጠንቅቀው ያውቁታል። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ ከግሥ በኋላ ትንሽ ቃል እየተቀጠለ ትርጉም የሚለወጥበት አነጋገር ለባዕድ ሰው እጅግ አስቸጋሪ መሆኑን ገልጾ፣ እነዚህን በልዩ ጥንቃቄ መመዝገቡን ጽፏል። ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1925 «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለውን መጠሪያ በመጽሐፉ እስኪያስተዋውቅ ድረስ ደግሞ ሰዎች ለዘመናት በዚሁ አነጋገር ሲገበያዩበት፣ ሲጣሉበትና ሲታረቁበት ኖረዋል። እኔ ግን ለተማሪዎቼ አርባ ያህሉን በሰሌዳ ላይ ደርድሬ፣ በአንጻራቸው አንዳንድ የአማርኛ ቃል ጽፌ፣ አስሸምድጃቸው ነበር። በዚያች ሌሊት ይህ ልክ እንዳልነበረ አመንኩ። ዛሬም አምናለሁ። አንድ የውጭ ሰው «መጣ» ማለት እንዲህ ነው ብዬ ባስተምረው «መጣብን» ሲባል መሸሽ፣ «መጣልን» ሲባል መደሰት እንዳለበት ከየት ያገኘዋል? ቡናው አልጋ ላይ እያለ አብሮ ካልቆመ በቀር አያገኘውም።

በማግስቱ እንግዶቹን ይዤ ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ሁሉንም ነገርኳቸው። ትልቁ እንግዳ ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ጭናቸው ላይ ዘረጉት፤ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ደጃፉ ላይ አራት ጆንያ እሸት ቡና ቆሟል። ማታ ቡና ሰብሳቢው ነጋዴ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ሊገዛ መጥቶ ነበር አሉ። «ከዋጋው በላይ የሚሄድ ገዢ መጥቶልናል» ብለው መልሰውታል። እሸት ግን ማደር አይወድም። አንዱን ጆንያ ፈትቼ እጄን ከተትኩ፤ ሞቋል። የፍሬው ልጣጭ ጣቴ ላይ ተለጠፈ፣ ሽታውም ወደ ጠላ ጥንስስ መሄድ ጀምሯል። ከዚያ በኋላ ያለው አማራጭ አልጋ ላይ አስጥቶ ጀንፈል ማድረግ ብቻ ነው፤ ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል።

ቤት ገብተን ተቀመጥን። «አባባ» አልኩ፣ «ትናንት የነገርኳችሁ የእሳቸው ቃል አልነበረም። እሳቸው ዋጋውን አብረን እንየው ነው ያሉት። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ አስተረጎሙልኝ። አባባ የያዙትን ሲኒ ረከቦቱ ላይ መለሱ። ዱላቸውን ከግድግዳው አነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ ከሚያውቋት ጥቂት አማርኛ፣ «መጣሁ» አሉና ወጡ።

እንግዳው ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣታቸው በፊት ጥቂት አማርኛ ተምረዋል። «መጣሁ»ን ያውቋታል። «መጣሁ እያሉ ሄዱ» አሉኝ። ፊታቸው ገርጥቶ ነበር። «ሰውየው በጣም ተቆጥተዋል፤ ቤታቸውን ለቀን እንውጣ።» ቦርሳቸውን አንሥተው ብድግ አሉ።

ክንዳቸውን ያዝኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ሺህ ጊዜ ያልኳትን ቃል ያን ጊዜ ገና ሰማኋት። እኛ ከሰው መካከል ተነሥተን ስንወጣ መሄዳችንን አንናገርም። መመለሳችንን፣ ያውም እንዳለቀ ነገር አድርገን እንናገራለን። እግራችን ደጃፉን ሳይሻገር «መጣሁ» እንላለን፤ የቀረውም ሰው የተነሣንበትን ቦታ ይጠብቅልናል። ይህን በምችለው እንግሊዝኛ አስረዳኋቸው። እንግዳው በሩን፣ ቀጥሎም የአባባን ባዶ ዱካ አዩ። ቦርሳቸውን መሬት አስቀምጠው ተቀመጡ።

ጥቂት እንደቆየን ከውጭ «መጣብን!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁላችንም ሮጠን ወጣን። ሴቶቹ ሸራ እየጎተቱ ነበር። ሁለቱ እንግዶች አንዱን ጫፍ፣ እኔና ሊቀመንበሩ ሌላውን ይዘን ቡናውን ሸፈንነው። ውሃው በአንገታችን እየገባ ሸራውን ይዘን ቆምን። ማንም ለማንም አላስተረጎመም።

ዝናቡ ጋብ ሲል አባባ ከሙዙና ከእንሰቱ መካከል ብቅ አሉ። ከኋላቸው ትናንት ቤቱ ውስጥ የነበሩት ጎረቤቶች በሙሉ፣ ራሳቸውን በኮባ ቅጠል ጋርደው ተከትለዋል። ከጓዳ እልል ያሉት እናትም አሉበት። ገብተው ሲቀመጡ አባባ ጥቂት ተናገሩ፣ ሊቀመንበሩም መለሱልኝ፦ «ትናንት የሰማነው ሁላችን ነን። ዛሬም ሁላችን እንስማ። መምህር እንደገና ይንገረን ብለዋል።»

ቆሜ እንደገና ነገርኩ። ከዚያ በኋላ እንግዳው በተናገሩ ቁጥር፣ ወደ አማርኛ ሳልመልሰው በፊት ምን ማለታቸው እንደሆነ መልሼ ጠየቅኳቸው፤ አንድም ጊዜ አልሰለቹም። ወረቀቱ ዳሩ ረጥቧል። እሳቱ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ዘረጉት። አባባ ዱካቸውን ስበው ቀረቡ። እንግዳው ጣታቸውን የመጀመሪያው መስመር ላይ አኑረው ቀና ብለው አዩኝ፣ ሊቀመንበሩም ቁጥሩን ጮክ ብለው አነበቡ።