ማን ቀሰቀሳችሁ?

በደማምና በኮበር የሚኖር አበሻ ላፕቶፑ ሲንቀራፈፍበት መጀመሪያ የሚያማው ሙቀቱን ነው። ከባሕረ ሰላጤው የሚነሳው የሐምሌ ወበቅ ሰውንም ያደነዝዛልና ኮምፒውተር ቢፈዝ አይፈረድበትም። ቀጥሎ ቫይረሱን ይረግማል። በመጨረሻም «ፎርማት አድርጉልኝ» ብሎ ሱቅ ይሄዳል፤ የእህቱ ሠርግ ፎቶም አብሮ ይጠረጋል።

እኔ ሱቅ የለኝም። «እሱ ኮምፒውተር ያውቃል» የሚል ስም ግን ወጥቶልኛል። ስለዚህ አርብ ማታ ሰው ሁሉ ኮበር ኮርኒሽ ነፋስ ሊቀበል ሲወጣ፣ እኔ ደማም ቁጭ ብዬ ላፕቶፕ እቀበላለሁ።

በቀደም አንድ ሾፌር የአገሬ ልጅ መጣ። ላፕቶፑን የሰጠው ድሮ ኮበር ይሠራበት የነበረው ቤት ልጅ ነው፤ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ለሱ።

«ጋሼ፣ አማርኛ ስጽፍበት ያብዳል። ‹ሰላም› ስል ‹ሰሰላላምም› ይላል።»

«ተንተባተበ በለኛ!»

«እስኪነሳ ደግሞ ሻይ አፍልቼ እጠጣለሁ።»

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫንኩ፤ ታስክ ማናጀር ተከፈተ። ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ወዲህ እዚህ ነው የሚገኘው፤ በፊት ኤምኤስኮንፊግ ውስጥ ነበር። ዊንዶውሱ አረብኛ ስለሆነ ሁሉ ነገር ከቀኝ ይጀምራል፤ እኔም እንዳገሩ ሆንኩ። የጌም ማስጀመሪያ፣ ሙዚቃ ማጫወቻ፣ ከዚያ የፕሪንተር ፕሮግራም።

«ፕሪንተር አለህ እንዴ?»

«ኧረ ከየት! ልጁ ቤት ነው ያለው።»

ኮበር የቀረ ፕሪንተርን ደማም ሆኖ በየማለዳው የሚጠብቅ ታማኝ! ዝቅ ስል ደግሞ ሁለት የአማርኛ መጻፊያዎች ተገኙ፤ አንዱን ጓደኛው፣ አንዱን ራሱ የጫነው።

ብዙ ሆነን በተከራየነው ቤት የአርብ ጠዋት ነገር ማለት ነው፤ ሁሉም መልካም ሰው ነው፣ መታጠቢያ ቤቱ ግን አንድ። ዊንዶውስም ይህን ይታዘባል፤ ሲነሳ ከ1 ሰከንድ በላይ ፕሮሰሰሩን የያዘውን ወይም ከ3 ሜጋባይት በላይ ዲስኩን ያሠራውን ፕሮግራም «ጫናው ከፍተኛ ነው» ብሎ ይመዘግበዋል።

ጥፋተኛን የማውጣቱ ዘዴ ቀላል ነው። ግማሾቹን አጥፍቶ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሳት፤ ችግሩ ከጠፋ ጥፋተኛው ከጠፉት መሐል ነው። 16 ፕሮግራም ቢሆን በ4 ዙር አንዱ ላይ ይደረሳል። ችግሩ፣ ጠብ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ጠበኞቹ በሁለት ጎራ ከተከፈሉ የትኛውም ግማሽ ለብቻው ሲነሳ ሰላም ነው። የኛም መጻፊያዎች እንደዚያው፤ አንዱን ብቻ ስናስነሳ ጥርት ያለ «ሰላም»፣ ሌላውን ብቻ ስናስነሳም «ሰላም»። ሁለቱ ሲገናኙ የተጫንካትን ፊደል ለመቀበል ይሻማሉ።

«እና የቱን ላጥፋ? ጓደኛዬ የጫነልኝን ብነካ ይቀየመኛል።»

«ዲሴብል አድርገው፤ ፕሮግራሙ እዚያው አለ፣ ሳትጠራው ግን አይነሳም። ጓደኛህም አያውቅም።»

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ባይኖሩ ይቻላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮም የአማርኛ ኪቦርድ አብሮ ይመጣል። ይህን ግን አልነገርኩትም፤ በአንድ አርብ ሁለት ወዳጅ ማስቀየም ይበቃል።

ወገኖቼ፣ ላፕቶፓችሁ ሲፈዝ ዝርዝሩን ክፈቱና «ማን ቀሰቀሳችሁ?» በሉ። ጸረ ቫይረሱን አትንኩ፤ ሁለት ከሆኑ ግን አንዱን አሰናብቱ። የማታውቁትን ስም ከማጥፋታችሁ በፊት ምን እንደሆነ አጣሩ። ፎርማት የመጨረሻው መድኃኒት ነው፤ እሱም ቢሆን የሠርጉ ፎቶ ሌላ ቦታ ከተገለበጠ በኋላ።