ስለ እግር ንቅሳት፦ ስሟ ለማይጠቀስ የቤተሰብ አባል

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፤ ጎንደር ለሚገኘው ቤተሰብ በሙሉ።

የዚህ ደብዳቤ ላኪ ከብርዱና ከቤት ኪራዩ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነው። የደብዳቤው ጉዳይ የእግር ንቅሳት ሲሆን፣ መነሻውም ከቤተሰቡ አባላት አንዷ አጎቷን በምስጢር ምክር፣ ከምክሩም ጋር ጥቂት ዶላር መጠየቋ ነው። የጠያቂዋ ስም በጥንቃቄ ተሰውሯል፤ በቤቱ ካሉት ልጆች መካከል ሴቷ እርሷ ብቻ መሆኗ የላኪው ጥፋት አይደለም።

ንቅሳት ቀለምን በመርፌ ወደ ቆዳ ውስጥ አስገብቶ እዚያው ማስቀረት ነው። ኤፒደርሚስ የሚባለው የቆዳ ላይኛው ሽፋን በየጥቂት ሳምንቱ እየረገፈ በአዲስ ስለሚተካ፣ በእርሱ ላይ የዋለ ቀለም አብሮት ይረግፋል፤ ስለዚህ መርፌው ይህን አልፎ የደም ሥርና ነርቭ ወዳለበት፣ ደርሚስ ወደሚባለው ሁለተኛ ሽፋን መድረስ ይኖርበታል። እዚያ ማክሮፋጅ የተባሉ የሰውነት ዘበኛ ሕዋሳት ቀለሙን እንደ ባዕድ ቆጥረው ይውጡታል፤ ሊፈጩት ግን ስለማይችሉ ይዘውት ይኖራሉ፣ አንዱ ሲሞትም የለቀቀውን ሌላው ይረከበዋል። ንቅሳት ዕድሜ ልክ የሚቆየው እንግዲህ ሰውነት ሊያስወጣው አቅቶት ነው፤ ላኪው ይህን ሲረዳ፣ ለሁለት ሳምንት ብሎ መጥቶ ሳሎኑ ውስጥ የከረመውን የአገሩን ልጅ ማሰቡ አልቀረም።

ይህ ሥርዓት እግር ላይ ሲደርስ ይበላሻል። ውስጥ እግር ላይ ኤፒደርሚሱ ከሌላው አካል በብዙ እጥፍ ስለሚወፍር መርፌው ትክክለኛውን ጥልቀት ለማግኘት ይቸገራል፤ የገባውም ቀለም ቶሎ ይደበዝዛል። በጣቶችና በእግር ጎን፣ ወፍራሙ ቆዳ ከስሱ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ የሚሠራው ንቅሳትም ዕጣው ከዚህ ብዙ ስለማይለይ፣ ብዙ ነቃሾች ሥራውን አይቀበሉም፤ የሚቀበሉትም ቢሆኑ ለመደብዘዙ ኃላፊነት እንደማይወስዱ አስቀድመው ይናገራሉ። የሚሻለው ከጣቶች ሥር እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው የእግር ጀርባ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከቆዳው በታች ይህ ነው የሚባል ስብ ስለሌለው፣ ያሉት ነርቭ፣ ጅማትና እግሩን ከሠሩት 26 አጥንቶች ከፊሎቹ ስለሆኑ፣ የመርፌው ንዝረት አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ጠያቂዋ ጆሮዋን የተበሳች ዕለት ያሰማችው ጩኸት በሰፈሩ ገና ስላልተረሳ፣ ስለ ሕመሙ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

ከሕመሙ ይልቅ የሚያሳስበው ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። አዲስ ንቅሳት ቁስል ነው፤ እግር ደግሞ ከልብ በታች ያለ አካል በመሆኑ ፈሳሽ ወደ እርሱ ወርዶ ያብጣል፣ ቁስሉም ላይ ላዩ እንኳ እስኪሽር ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ሽፍን ጫማ ቁስሉን ስለሚፍቀው አይመከርም፤ ክፍት ጫማ ደግሞ አቧራና ጭቃ ስለሚያስገባ በክረምት አይታሰብም። ጠያቂዋ ንቅሳቱን የፈለገችው በጥር ወር ለሚደገሰው ሠርግ እንደሆነ በመግለጿ፣ በገና ሰሞን የተነቀሰች ሚዜ ሙሽሮቹን በምን ተጫምታ እንደምታጅብ ላኪው ብዙ አስቦ መልስ አላገኘም። እስክስታ የትከሻ ነው ቢባልም እግር ዝም ብሎ የቆመበት ሠርግ እስካሁን አልታየም።

የጤናው ነገር ቀልድ አይወድም። በሚገባ ያልጸዳ መርፌ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ የተባሉትን ጉበት የሚያጠቁ ቫይረሶች፣ እንዲሁም ኤችአይቪን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ የኒውዮርክ ከተማ በሄፓታይተስ ቢ ሥጋት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1961 ንቅሳትን ከልክላ እስከ 1997 ድረስ አልፈቀደችም። ስለዚህ መርፌው ከታሸገበት ሲወጣ በዓይን ማየት፣ ቀለሙም ለአንድ ሰው ብቻ በተቀዳ ትንሽ ዕቃ መቅረቡን ማረጋገጥ የተነቃሹ መብት ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የእግሩ ቁስል በቀላሉ ስለማይሽር ሐኪሙን ሳይጠይቅ እግሩን ለመርፌ ባይሰጥ ይመረጣል። ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድግ ወፍራም ጠባሳ፣ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ስለሚበዛ በዘመድ ውስጥ ይህ መኖሩን መጠየቅ ይገባል። ከቀለማት ሁሉ አለርጂ በማስነሣት ቀዩ ይታወቃል፤ ቢጫውና ነጩ ደግሞ በጠይም ቆዳ ላይ እምብዛም ስለማይታዩ፣ ሕመሙ ተከፍሎ ሥዕሉ የማይገኝበት ንግድ ናቸው።

ጽሑፍ የሚነቀስ ሰው ሌላም ችግር ይጠብቀዋል። ቀለም ከዓመታት በኋላ በቆዳ ውስጥ ጥቂት ስለሚሰፋ ደቃቅ ፊደል እርስ በርሱ ይዋጣል፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ድምፁን የሚለይባት ምልክት ከሁሉም ደቃቋ ናት። የኃምስ ቀለበት ከተደፈነች «ቤቴ» የነበረው «ቢቲ» ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ጽሑፉ ወደ ባለቤቱ ይዙር ወይስ ወደ ተመልካቹ የሚለው ጥያቄም መልስ ይሻል፤ ለባለቤቱ ቀና ሆኖ የሚነበበው ፊት ለፊት ለቆመ ሰው የተገለበጠ ነውና። ሥዕል የመረጡት የጥንት የባሕር ማዶ መርከበኞች በአንደኛው እግራቸው ላይ አሳማ፣ በሁለተኛው ላይ አውራ ዶሮ ይነቀሱ ነበር። እነዚህ እንስሳት በእንጨት ሳጥን ስለሚጫኑ መርከብ ሲሰጥም ሳጥኑ ተንሳፍፎ ይተርፋሉ፤ ሥዕላቸውም መርከበኛውን ከመስጠም ያድናል ተብሎ ይታመን ነበር። ጣና ላይ በታንኳ ለሚሄድ ሰው ምክሩ ይጠቅም ይሆናል፤ አሳማውን ለእናት የሚያስረዳ ሰው ግን አስቀድሞ መገኘት አለበት።

የጠያቂዋ ዋና ክርክር እግር በጫማ ስለሚሸፈን ንቅሳቱ ከቤተሰብ ይሰወራል የሚል ነው። ይህ ክርክር ለሜሪላንድ ይሠራል፤ እዚህ ሰው ዓመቱን ሙሉ ጫማውን አድርጎ ስለሚውል የባልደረባውን እግር ሳያይ ጡረታ ይወጣል። ጎንደር ውስጥ ግን ከእግር የበለጠ አደባባይ የወጣ አካል የለም፤ ቤተ ክርስቲያን የሚገባው ጫማ ተወልቆ ነው፣ የሙስሊም ጎረቤትም ምንጣፍ የሚረገጠው እንዲሁ ነው። ከሁሉም በላይ ጸሎተ ሐሙስ አለ። በዚያ ዕለት ካህኑ ጎንበስ ብለው የምእመናንን እግር አጥበው በወይራና በወይን ቅጠል ሲዳስሱ፣ ከውኃው ሥር አሳማው ብቅ ቢል የሚፈጠረውን ጸጥታ ላኪው ከባሕር ማዶ ሆኖ ይሰማዋል።

አያት አንገታቸው ላይ ንቅሳት አለ፣ ግንባራቸው ላይም መስቀል አለ የሚለው መልስ እንደሚመጣ ላኪው አላጣውም። ካህናት ዘሌዋውያን 19፥28ን እየጠቀሱ ቢገሥጹም የአያት ዘመን ሴቶች በመርፌና በጥላሸት መነቀሳቸው እውነት ነው። ነገር ግን አንገት ጫማ አያደርግም፣ ጭቃም አይረግጥም፤ በቦታ አመራረጥ አያት ከብዙ ዘመናዊ ነቃሽ ይበልጣሉ።

ቢጸጸቱስ ለሚለው፣ ማጥፊያው ሌዘር ነው። ብርቱ የብርሃን ምት ቀለሙን ሰባብሮ ሰውነት በዝግታ እንዲያስወግደው ያደርጋል፤ በሳምንታት ልዩነት ብዙ ጊዜ መመላለስን ይጠይቃል፤ ከመነቀሱም አብልጦ ያስከፍላል። ቀለሙ ከልብ በራቀ አካል ላይ ሲሆን ቀስ ብሎ ስለሚጠፋ እግር በዚህም ወረፋ መጨረሻ ነው። ጠይም ቆዳ ደግሞ ሌዘሩ ካልተመጠነለት ይጠቁራል ወይም ይነጣል።

ለጥር ወሩ ሠርግ እንሶስላ አለ። ሥሩ ተወቅጦ እግር ላይ ተደርጎ ሌሊቱን ታስሮ ሲያድር ያቀላል፤ በሳምንታት ውስጥም ከኤፒደርሚሱ ጋር ረግፎ ይሄዳል። ገበያ ላይ «ጥቁር ሂና» ተብሎ የሚሸጠውን ግን መሸሽ ያሻል፤ ለማጥቆር የሚጨመርበት ፒፒዲ የተባለው የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል። የተጠየቀው ገንዘብ በዚህ ሳምንት ይላካል፤ የሚላከው ግን በእናት ስም ነው፣ የጫማ ዋጋም ተብሎ ተመዝግቧል። ጠያቂዋ ቁጥሯ 38 ይሁን 39 ለይታ ብታሳውቅ መልካም ነው።

አክባሪው አጎት